አባቴ የያዘኝ ዕለት

ሰው ቁመቴን አይቶ "ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ተጫውቼ ጨርሻለሁ" እላለሁ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ እግሬ ይወርዳል፣ አረማመዴን ያያል፣ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። እዚህ ካልጋሪ ያለው ያገሬ ሰው ታሪኬን እንደየፍላጎቱ አብስሎታል። አንዱ በሴት ነው ይላል፣ ሌላው በቁማር ነው ይላል። አንድ ጊዜ ፀጉሬን ልቆረጥ ተቀምጬ፣ ማንነቴን ያላወቀ ሰውዬ የገዛ ታሪኬን ለራሴ ሲተርክልኝ በስተመጨረሻ ገደለኝ። "አላህ ይዘንለት" ብዬ ወጣሁ። እንግዲህ ከሞትኩ አይቀር እውነተኛውን ከእኔው ስሙት።

ስሜ ከድር ይባላል። ደሴ ተወልጄ በልጅነቴ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ያደግኩት ፋልከንሪጅ በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳቸው ከተያያዘ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ "የርሐሙከላህ" የምትለው አንተ ነህ። አባቴ ሰይድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ እንግሊዝኛ የተናገረ ልጅ እራት የለውም። ዛሬ ይህችን አማርኛ የምጽፈው በዚያ ረሃብ ብዛት ነው።

ቁመቴ በድንገት መጣ። አንድ ዓመት የአባቴን ግንባር አለፍኩ፣ በሚቀጥለው የበሩን ጉበን በግንባሬ መታሁ። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኝ ሄድኩ። ጎበዝ ነበር እንዳትሉ። ኳስ ማስገባት የሚያምርባቸው ሌሎች ነበሩ። የእኔ ሥራ ቀለበቱ ስር ቆሞ መምታትና መመታት ነበር። አሰልጣኛችን "አንተ በር ነህ፤ በር ይደበደባል እንጂ ከቦታው አይሄድም" ይለኝ ነበር። አንድ የፊት ጥርሴን እዚያ ትቼ ተመረቅኩ። ትልቁ ሊግ እንደማይፈልገኝ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ እንደኔ ያለው ተጫዋች ብዙው ባሕር ማዶ ሄዶ ነው የሚበላው። እኔም ሩማንያ ሄድኩ።

ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኝታ የጨዋታ ቀን ብቻ የምትነቃ። ስትነቃ ግን ጉድ ነው። ተመልካቹ የሲጋራ መለኮሻ ይወረውራል፣ ሳንቲም ይወረውራል፤ አንድ ሽማግሌ ጫማውን አውልቆ ጀርባዬን ብሎኛል። አፍንጫዬ ተሰበረ፣ ተጠገነ፣ ደግሞ ተሰበረ። ከገዛ ቡድኔ ሰው ጋር በልምምድ ሰዓት በቡጢ ተቃምሰን፣ ከፊታችን ደም ሳንጠርግ አብረን ሾርባ እንጠጣ ነበር። እንጀራዬ ነውና አላማርርም። ከዚያ ሁሉ ዱላ አንድ ትምህርት አጥንቴ ውስጥ ገብቷል፤ የመጣው ይምጣ፣ ክንዶችህ ነፃ ይሁኑ። ክንዱ ነፃ የሆነ ሰው ሲወድቅ መሬቱን በእጁ ይቀበላል፣ ሲመቱት ይመክታል። ክንዱ የተያዘ ሰው ጆንያ ነው። ከኋላ የያዘኝን ሰው እንዴት እንደማስለቅቅም አውቅ ነበር፤ ክርን ወደ ኋላ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ አንዴ። ከዚያ በኋላ የሚይዝህ የለም።

በሩማንያ ቆይታዬ ማብቂያ ላይ ኤጀንቴ ደወለልኝ፤ ጥቁር ባሕር ዳር ያለ አንድ የቱርክ ክለብ ፈልጎኛል። አባቴ ይህን ሲሰማ ያደረገውን ብታዩ። እስከዚያ ድረስ ሥራዬን "ያ ጨዋታ" ነበር የሚለው። አሁን አዛን የሚሰማበት አገር ልቀጠር ሲሆን፣ በአውቶቡሱ ለሚሳፈር ሁሉ "ልጄ ቱርክ ሥራ ያዘ" ይል ጀመር። ኮንትራቱን ፈረምኩ። ዒድን ካልጋሪ ከቤተሰቤ ጋር ውዬ፣ ከዒድ በኋላ በሚመጣው ሳምንት እበራለሁ። እዚያ ስደርስ ሐኪማቸው ያየኛል፣ ጉልበቴን ይመረምራል፣ ከዚያ ሥራ እጀምራለሁ። ሁሉ ነገሬ በዚህ አካል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አባቴ ቁመቱ አጭር ነው። በአጭር ቁመቱ ግን በከተማው የሚታወቅ ገላጋይ ነው። ደሴ እያለ በከብት ገበያ ደላላ ስለነበር ዱላ ሲነሳ ማየት ለሱ አዲስ አይደለም። ሠርግ ላይ ይሁን መስጊድ ፓርኪንግ ላይ፣ ሁለት ሰው ሲተናነቅ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አያያዙ አንድ ዓይነት ነው። ከኋላ ይመጣል፣ ሰውየውን ከነክንዱ ያቅፋል፣ ጣቶቹን ደረቱ ላይ ይቆልፋል፣ ግንባሩን ጀርባው ላይ ተክሎ ዓይኑን ይጨፍንና "ነውር ነው፣ ነውር ነው" ይላል። በሬ የሚጥል ጎረምሳ ከዚያ እጅ አይወጣም። በሳተ ቡጢ ስንት ጊዜ ከንፈሩ ተተርትሯል፤ ቤት ሲገባ እናቴ ስትጮህበት "ለገላጋይ ደም የለውም" ብሎ ይስቃል።

አሁን ስለ ጀማል ልንገራችሁ። ጀማል የግድግዳ ጎረቤታችን የጋሽ ሁሴን ልጅ ነው። ጋሽ ሁሴንና አባቴ ከደሴ ጀምሮ አይለያዩም። ጀማል ከእኔ ይበልጥ ነበር። ይህን በትሕትና አይደለም የምለው፤ በእጁ የገባች ኳስ የት እንደምትሄድ የምታውቅ ትመስል ነበር። ያ የካንሳስ አሰልጣኝ ካልጋሪ ድረስ የመጣውም ጀማልን ሊያይ ነው እንጂ እኔን ብሎ አይደለም። በዚያው ቀን፣ ጨዋታው መሐል፣ ጀማል ከሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ተደባደበ። ጋሽ ሁሴን ሺፍት ላይ ነበር። አባቴ ከተመልካች መሐል ዘሎ ሜዳ ውስጥ ገባና ጀማልን በዚያ አያያዙ ያዘው። ዳኛው ተመልካች ሜዳ የገባበትን ጠብ አይቶ ጀማልን አስወጣው። በእሱ ቦታ እኔ ገባሁ። አሰልጣኙ ያመጣውን ዓይን ባዶ ይዞ አልተመለሰም፤ እኔን አየ። እኔ ካንሳስ ሄድኩ፣ ጋሽ ሁሴን በልብ ሕመም ሞተ፣ ጀማል እናቱን ይዞ ወደ ፔንብሩክ ሰፈር ተዛወረና ትራክ መንዳት ጀመረ።

የዒድ ከሰዓት ነው። ፔንብሩክ ሜዶውስ ውስጥ ባለው መናፈሻ ተሰብስበናል። ሥጋው ይጠበሳል፣ ሕፃናቱ በአዲስ ልብስ ሣር ላይ ይንከባለላሉ። አባቴ እንደ ወተት የነጣ ጀለቢያ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተደላድሏል። ከመናፈሻው ጥግ አስፋልት የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ፤ የፋልከንሪጅና የፔንብሩክ ጎረምሶች እየተጫወቱ ነው።

"ከድር፣ እስቲ ግባና ትንሽ አሳያቸው" አለኝ አባቴ።

"አባዬ፣ ኮንትራት ፈርሜያለሁ እኮ። ውጪ መጫወት አይፈቀድልኝም።"

"ይሄ ደግሞ ጨዋታ ነው? አንዴ ዝለልና ውረድ። ሰዉ በምን እንደሚቀጥሩህ ይይ።"

ኩራቱ ፊቱ ላይ ያበራ ነበር። እምቢ አልኩት ብል ዋሸሁ፤ እኔም መታየት አማረኝ። ጫማዬን አጥብቄ ገባሁ። በፔንብሩክ በኩል እኔን ሊይዝ የመጣው ጀማል ነበር።

"ቱርክ ነው አሉ፣ ብሮ። ኮንግራትስ።"

"ታንክስ፣ ማን። አንተስ እንዴት ነህ?"

"አይ አም ጉድ። በእኔ ቦታ መሄድ እንዴት ነው? ይመቻል?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ኳስ እንደተጀመረ ክርኑን ከጎኔ ሰካው። አለፍኩት። ቀጥሎ አንገቴን መታኝ። "ሪላክስ፣ ሰዎች እያዩ ነው" አልኩት። ለኳስ ስዘል ደግሞ በቅርጫት ኳስ ከነውር ሁሉ የከፋውን አደረገ፤ አየር ላይ እያለሁ ከሥሬ ገብቶ እግሮቼን በትከሻው ገለበጣቸው። በጀርባዬ አስፋልቱ ላይ ወረድኩ። ክንዶቼ ነፃ ስለነበሩ መዳፌና ክርኔ ተላጠው ወገቤ ተረፈ። ስነሳ ዓይኔ ጨልሞ ነበር። ቱርክም ኮንትራትም ጠፋብኝ።

የሚቀጥለውን ኳስ ተቀብዬ በላዩ ላይ ዘለልኩ። ጉልበቴ ደረቱን መታው፣ ኳሷን በሁለት እጄ ቀለበቱ ውስጥ ሰካኋት፣ እሱ በቂጡ ተቀመጠ። በላዩ ቆሜ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ "ሂድ ትራክህን ንዳ!" አልኩት። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ጀማል ሲነሳ ጆሮዬ ላይ በቡጢ መታኝ። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ገባ። እኔም አልቆየሁም፤ አፍንጫውን አገኘሁት። የአፍንጫ አጥንት ሲሰበር ድምፁ ትንሽ ነው፤ ደረቅ ብስኩት እንደመርገጥ ነው። እኔ ድምፁን ከራሴ አውቀዋለሁ። ደሙ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ተያያዝን፣ ወደቅን፣ ፀጉሬን ይዞ ግንባሬን ከአስፋልቱ ጋር አጋጨው፤ እኔ አንገቱን አንቄ ፊቱ እስኪጠቁር አልለቅ አልኩ። ጎረምሶቹ ተረባርበው እየጎተቱ አላቀቁን። ጀማል አፍንጫውን በሸሚዙ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ።

እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ግንባሬ ላይ በረዶ ይዤ፣ ጉልበቶቼን አጠፍኳቸው፣ ዘረጋኋቸው። ደህና ናቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ ሥራዬ ተርፏል" አልኩ በልቤ። አባቴ ግን መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

"ተነስ። ሄደን እንታረቃለን።"

"አባዬ፣ አሁን አይሆንም። ይብረድለት።"

"በዒድ ቀን የሁሴን ልጅ በአንተ እጅ ደምቶ ወደ ቤቱ አይገባም። ነገር ካደረ ይመራል። ተነስ ብዬሃለሁ።"

ተነሳሁ። ለአባቴ እምቢ የሚል ልጅ ሆኜ አላደግኩም።

ጀማል ፓርኪንጉ ጫፍ ላይ ነበር። የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ አፉ ላይ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ላይ የተከመረው ሶፍት ቀልቷል። ሌላ ሰው በአጠገቡ አልነበረም። አባቴን ሲያይ ብድግ አለ። ይህን ልብ በሉ፤ ያን ያህል ተናዶ እንኳ ለአባቴ ብድግ አለ።

"ጀማል፣ ልጄ፣ ዒድ ሙባረክ" አለ አባቴ።

"ጋሼ፣ ይሂዱ። ፕሊስ። አሁን አይደለም።"

"አሁን ነው እንጂ። ከድር፣ አፉ በለኝ በለው።"

"ሶሪ፣ ብሮ፣ ለአፍንጫህ" አልኩ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! "ግን አንተ ነህ የጀመርከው።"

ጀማል አየኝ። "እኔ ነኝ የጀመርኩት?" አለ ቀስ ብሎ። "ኮሌጁ የእኔ ነበር። አሰልጣኙ የእኔ ነበር። አይ ስታርትድ ኢት?" አፉ ውስጥ የሞላውን ደም ተፋ። ወደ መሬት ነበር የተፋው፤ የወደቀው ግን የአባቴ ጀለቢያ ጫፍ ላይ ነው።

በዚያ ነጭ ላይ ያንን ቀይ ሳይ ደሜ ፈላ። "አባቴ ላይ?" ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ ቡጢዬን አንስቼም ነበር። ሁለተኛውን እርምጃ አልተራመድኩም። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ከነክንዶቼ አቀፈኝ። ጣቶቹ ደረቴ ላይ ሲቆለፉ ተሰማኝ። ግንባሩን ጀርባዬ ላይ ተከለው። "ነውር ነው፣ ልጄ። ነውር ነው።"

ጀማል ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ነበር።

"አባዬ፣ ልቀቀኝ።"

"ነውር ነው።"

"አባዬ፣ ብረት ይዟል! ልቀቀኝ!"

አባቴ የባሰ አጠበቀኝ። አልፈርድበትም። ጠብ ገላግላችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የተያዘ ሰው ሁሉ ልቀቁኝ ይላል። ልቀቁኝ ማለት የተያዘ ሰው ዘፈን ነው። ብረት ያዘ፣ ቢላ ያዘ፣ ሊገድለኝ ነው የማይል የለም። ገላጋይም ያን ሰምቶ የለቀቀ እንደሆነ ገላጋይ አይባልም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጀርባዬ ጋርዶት፣ አባቴ የሚያየው ነገር አልነበረም።

ሰዎች "በዚያች ቅጽበት ጊዜ አልነበረህም" ይሉኛል። ነበረኝ። ጀማል ሲራመድ አይቻለሁ። ብረቱን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ ሲያዛውር አይቻለሁ፤ ዓይኑ ወደ ጭንቅላቴ ሳይሆን ወደ ጉልበቴ ሲወርድም አይቻለሁ። የት መምታት እንዳለበት ያውቃል፤ ተጫዋች ነው። ክርኔ ደግሞ የት እንዳለ አውቃለሁ። ከአባቴ ጎድን አጥንት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ወደ ኋላ፣ አንዴ። ቱርክ ያለችው በዚያች ስንዝር ውስጥ ነበር። የጎድን አጥንቱ በዚያ ዕድሜ እንደ ጭራሮ ነው የሚሰበረው። ልቤ "ምታው" አለኝ፣ ክርኔ እምቢ አለ።

የመጀመሪያው ጉልበቴን ከጎን አገኘው። ሕመም አልነበረም፤ ሙቀት ነበር። እግሬ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ጮህኩ፤ አባቴ "አይዞህ፣ ይበርድልሃል" አለኝ ከኋላዬ። ንዴቴ መስሎታል።

ሁለተኛው የጉልበቴን ሎሚ ፈረከሰው። ይህን ሰማሁት።

"ያኔ እኔን ያዘኝ" አለ ጀማል፣ እንባና ደም ፊቱ ላይ ተቀላቅሎ። "ዛሬ አንተን ያዘልኝ!"

ሦስተኛው ከጉልበቴ በታች አረፈ፤ አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጣ። ቁመቴ ሁሉ ወደ ኋላ ተደረመሰ፣ አባቴን ይዤው ወደቅኩ። እሱ ከሥሬ ነበር፤ ያኔ ብቻ ዓይኑን ገለጠ። አጥንቴን አየው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፣ አልሰማም። ጀማል ለአራተኛ ጊዜ ሲያነሳ አባቴ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ከሥሬ ወጥቶ በላዬ ተኛ። ብረቱ ትከሻው ላይ አረፈ።

ጀማል ማንን እንደመታ ሲያይ ብረቱ ከእጁ ወደቀ። "ጋሼ? ጋሼ!" እያለ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ሰዎች ደርሰው ሲረግጡት እንኳ ራሱን አልከለለም። አባቴ እግሬን በጀለቢያው ጠቅልሎ በሁለት እጁ ተጫነው። አምቡላንስ እስኪመጣ የነጣ ነገር ጀለቢያው ላይ አልቀረም።

ቀዶ ጥገናው ተደጋገመ። ብረት ገባልኝ፤ ለብረት የተፈጠርኩ ሳልሆን አልቀርም። ሐኪሟ በርጋታ "ትራመዳለህ፤ አትዘልም" አለችኝ። ኤጀንቴ የራጁን ፎቶ ከላኩለት በኋላ ደውሎ ክለቡ ሌላ ሰው እንደፈለገ ነገረኝ። የእኔ ባሕር ማዶ እዚያ ላይ አበቃ።

አባቴ አልጋዬ አጠገብ እጁ በፋሻ ተንጠልጥሎ ተቀምጦ አንድ ቀን ጠየቀኝ።

"እኔን አሽቀንጥረህ መጣል አትችልም ነበር?"

"አልችልም ነበር፣ አባዬ። አጥብቀህ ነበር የያዝከኝ።"

"አትዋሸኝ። በጨዋታህ ቪዲዮ የስንቱን ግዙፍ ክንድ ስታስለቅቅ አይቻለሁ።" ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ምነው በመታኸኝ" አለ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በእጁ አልነካኝም። ክራንች ይዤ በበረዶው ላይ ስወጣ ከፊቴ ከፊቴ እየሄደ ጨው ይበትናል፤ ስንሸራተት ግን እናቴን ነው የሚጠራው። "ያዢው! ያዢው!" ይላታል፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ። ጠብም ሲነሳ ከወንበሩ አይነሳም። ሰዉ "ጋሽ ሰይድ አረጀ" ይል ጀመር።

እኔ ግን ለይቅርታ ቅርብ አልነበርኩም። ማታ ማታ ጀማልን በሐሳቤ ስገድለው አነጋለሁ፤ በዚያው ብረት፣ እዚያው ቦታ ላይ። ፍርድ ቤት የቀረበ ቀን ፊቱን ልይ ብዬ በክራንቼ ሄድኩ። አባቴ አብሮኝ ገባ። እኔ በዚህ በኩል ስቀመጥ እሱ አለፈኝ። ጀማል ከቆመበት ጀርባ፣ ባዶ አግዳሚ ላይ፣ ከጀማል እናት አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ጀማል ጥፋቱን አመነ፣ ወደ እስር ሲወስዱት ዞሮ ያየው አባቴን ነበር። እኔ ክራንቹን ወርውሬ አንዱን ልፈነክት ምንም አልቀረኝም።

መኪና ውስጥ እንደገባን ፈነዳሁ። "አንተ የማን አባት ነህ?"

ሞተሩን አላስነሳም። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ባገራችን ሁለት ሰው ሲጣላ ሁሉም የራሱን ነው የሚይዘው" አለ። "የሰው ልጅ አትይዝም፤ ከያዝክ ለሌላው አደላህ ይባላል። እኔ የእኔን እይዛለሁ፣ ወዲያኛው የራሱን ይይዛል። ጠቡ ይበርዳል። ያኔ ትምህርት ቤት ሁሴን ስላልነበረ እኔ አባት ሆኜ ያዝኩለት።"

"ታዲያ በዒዱ ቀን?"

"በዒዱ ቀን አንተን ያዝኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።" መሪውን ለቀቀ። "ሁሴን ጀማልን ይይዛል ብዬ ነው። ወላሂ፣ መሞቱን ረሳሁት።"

እዚያ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለታችንም አለቀስን። አልነካኝም፤ እኔም አልነካሁትም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ መካሪ አይደለሁም፤ ጉልበቴ እንጂ ጭንቅላቴ ብዙ አልሠራም። ግን በዱላ ያደገ ሰው ነኝና በዚህ ጉዳይ እመኑኝ። ገላጋይ ስትሆኑ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። የራሳችሁን ሰው ለመያዝም አትሽቀዳደሙ፤ እሱ ቢያንስ እናንተ አላችሁት። መጀመሪያ ዞር ብላችሁ የሚይዘው የሌለው ማን እንደሆነ እዩ። በየከተማው እንደዚያ ያለ ሰው አለ፤ አባቱ የሞተበት፣ ዘመዱ ባሕር ማዶ የቀረበት። ሲቆጣ ሁሉም ይሸሸዋል፣ ሁሉም የራሱን አቅፎ ይቆማል። ጀማልን አሁንም አልወደውም። እስር ቤት ግን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ያወራነው ስለ ኳስ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዒድ እዚያው መናፈሻ ነበርን። ሥጋ መጥበሻው አጠገብ ሁለት ሰዎች በነገር ተነካኩ። አንዱ ትልቅ ቤተሰብ ያለው የፋልከንሪጅ ሰው ነው፤ ወንድሞቹና አጎቶቹ ወዲያው እላዩ ላይ ተረባርበው ያዙት። ሌላው ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ፣ አንድም ዘመድ የሌለው ሰው ነበር። የሥጋ ቢላ በእጁ ይዞ ብቻውን ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

እያነከስኩ ሄድኩ። አንገቴን ቀና አድርጌ ቢላውን እያየሁ፣ በግራ በኩል ገብቼ ክንዱን ከነወገቡ አቀፍኩት። በዚያው ቅጽበት ከቀኝ በኩል ሌላ ሰው አቀፈው። ሰውየው ተወራጨ፣ ክርኑ የዚያኛውን አፍ ሲመታ ሰማሁ። "ልቀቁኝ!" ይላል። "ማን መጣብህ? እኔ እያየሁልህ ነው፤ ማንም አልመጣም" አልኩት። ቢላው ከእጁ ወደቀ። ትንፋሹ እየበረደ ሄደ፣ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

ከወዲያ በኩል ያለውን ያኔ አየሁት። አባቴ ነው። ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ በጢሙ ላይ ይወርዳል፤ ዓይኑ ግን ተገልጧል። ክንዶቹ በሰውየው ዙሪያ አልፈው መጥተው፣ ጣቶቹ ጀርባዬ ላይ ተቆልፈዋል።

ሰዎች መጥተው ሰውየውን ከመሐላችን አወጡትና ውኃ ሰጡት። አባቴ ግን እጁን አላነሳም።

"አባዬ፣ ልቀቀኝ" አልኩት እየሳቅኩ።

"የተያዘ ሁሉ እንደዚያ ይላል" አለና የባሰ አጠበቀኝ።